በመሥሪያ ቤትና በመኖሪያ ቤት መካከል

በየመሥሪያ ቤቱ ከሚቀርቡት ማመልከቻዎች መካከል የዕድገትና የደመወዝ ጥያቄ ብዙ መሆኑ የታወቀ ነው። ከእነዚህም ጎን ዘወትር የማይጠፋ ሌላ ማመልከቻ አለ፤ ይኸውም «ወደ ቤተ ሰቤ ቀርቤ እንድሠራ ይፈቀድልኝ» የሚለው ነው። አንዱ እናቱ አርጅተው ጧሪ በማጣታቸው፣ አንዲቱ ባልዋ በሌላ ከተማ ስለሚሠራ፣ ሌላውም ልጆቹን ከሩቅ ሆኖ ማሳደግ ስላልቻለ ይጽፋል። ማመልከቻው የሚቀርብለት ሹም አንዳንድ ጊዜ ጉዳዩን የግል ምቾት ፍለጋ አድርጎ በመቍጠር ወደ ጎን ያቈየዋል። ታሪክን ስንመረምር ግን ይህ ጥያቄ የአንድ ሰው ብቻ ሳይሆን፣ መንግሥት ራሱ በየዘመኑ ልዩ ልዩ መልስ ሲሰጥበት የኖረ ጥያቄ መሆኑን እንረዳለን።

በቀድሞ ዘመን የመንግሥት ሥራና ቤተ ሰብ ያን ያህል አይራራቁም ነበር፤ ቤቱ ራሱ ከሥራው ጋር ይጓዝ ነበርና። ዛሬ «ከተማ» የምንለው ቃል አስቀድሞ ንጉሡና ሠራዊቱ የሚያርፉበት ስፍራ ስም ነበረ። በ1512 ዓ.ም. ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር ወደ ኢትዮጵያ የገባው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ ስድስት ዓመት ያህል በአገራችን ተቀምጦ ያየውን ሲጽፍ የዓፄ ልብነ ድንግልን ተጓዥ ከተማ በዝርዝር ገልጾታል። ድንኳኑ ዛሬ በአንዱ ሜዳ፣ ነገ በሌላው ቢተከልም፣ የንጉሡ፣ የቤተ ክርስቲያኑ፣ የዳኞቹና የገበያው ስፍራ ሥርዓቱን አይለቅም ነበር። ስለዚህም እያንዳንዱ ሰው በደረሰበት ሁሉ የራሱን ቦታና ጎረቤቱን ያውቅ ነበር። ወታደሩም ሲዘምት ብዙ ጊዜ ሚስቱ ስንቁን እያሰናዳች፣ እህሉን እየፈጨች አብራው ትሄድ ነበር። እቴጌ ጣይቱ በ1888 ዓ.ም. ከዓፄ ምኒልክ ጋር ወደ ዐድዋ መዝመታቸውም ከዚሁ ከቆየው ልማድ የወጣ አልነበረም።

ይሁን እንጂ ያለፈውን ሁሉ ማመስገን ታሪክን ማወቅ አይደለም። ሠራዊቱና ቤተ ሰቡ አብረው ሲጓዙ ወጪውን የሚሸፍነው የሰፈሩበት አገር ገበሬ ነበረ። የሹሙ ቤት ሙሉ የሚሆነው የገበሬው ጎተራ እየጎደለ ነው። ይህን ማስታወስ ይገባናል፤ የአንዱን ቤተ ሰብ ለማቀራረብ የሚከፈለውን ዋጋ ሌላው ሰው እንዲከፍለው ከተደረገ፣ መልሱ መልካም መልስ ሊባል አይችልምና።

በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከተቈረቈረች በኋላ ደግሞ ነገሩ መልኩን ለወጠ። መኳንንቱ በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ ቦታ እየተሰጣቸው ከነሠራዊታቸው ሰፈሩ፤ እስከ ዛሬም «ራስ መኰንን ሠፈር»፣ «ደጃች ውቤ ሠፈር» የሚሉት ስሞች ይህንኑ ይመሰክራሉ። ራስ መኰንን የሚገዙት አገር ሐረር ነበረ፤ በስማቸው የሚጠራው ሠፈር ግን በዋናው ከተማ ተገኘ። እንግዲህ ሹመት በሩቅ አገር፣ ቤት በደጃፍ መሆን ጀመረ። ከዚህም ጋር ሹም ሽር የሚባለው ልማድ ነበረ። ሹሙ በአንድ አገር እንዳይደላደልና ሥር ሰድዶ እንዳያስቸግር ከአንዱ ግዛት ወደ ሌላው ይዛወር ነበር። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል» የሚለው ተረት የዚህ ልማድ ፍሬ ነው፤ ነገ እንደሚነሣ የሚያውቅ ሰው ለአገሩ ሳይሆን ለስንቁ ያስባልና።

በዚያው ዘመን መጨረሻ ርቀት ራሱ ማጠር ጀመረ። የባቡር ሐዲድ ሥራ ፈቃድ በ1886 ዓ.ም. ተሰጥቶ፣ ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። በበቅሎ ሳምንታት ይፈጅ የነበረው መንገድ በቀናት ይቈጠር ጀመር። ድሬዳዋም ራስዋ ከባቡሩ ሥራ የተወለደች ከተማ ናት፤ ሥራ ፍለጋ የመጣው ሰው ቤት ሠራ፣ ቤት የሠራው ዘመዱን አስመጣ። ከተማ የሚጸናው ሠራተኛው ቤተ ሰቡን ማምጣት ሲችል መሆኑን የድሬዳዋ ታሪክ በግልጽ ያስተምረናል።

ሆኖም ሥራንና ቤትን ከሁሉ ይልቅ የለያየው ደመወዝ ነው። በ1900 ዓ.ም. ዓፄ ምኒልክ ሚኒስትሮችን ሾሙ፤ ከጠላት ወረራ በኋላም በ1934 ዓ.ም. በወጣው የአገር ግዛት አስተዳደር ድንጋጌ አገረ ገዢዎች ከመንግሥት ግምጃ ቤት ደመወዝ የሚከፈላቸው ሹማምንት እንዲሆኑ ተደነገገ። ይህ ለገበሬውም ለመንግሥቱም ታላቅ እርምጃ ነበረ። ነገር ግን ደመወዝ የሚከፈለው ለአንድ ሰው ነው፤ የዝውውር ደብዳቤም የሚጻፈው በአንድ ሰው ስም ነው። ሚስት፣ ልጅና አረጋዊ ወላጅ በደብዳቤው ላይ አይታዩም። በ1953 ዓ.ም. ስለ መንግሥት ሠራተኞች ጡረታ ሕግ ሲወጣ፣ በ1954 ዓ.ም. የሠራተኞችን አስተዳደር በአንድነት የሚመራ ማዕከላዊ መሥሪያ ቤት ሲቋቋም፣ የሠራተኛው መብት በወረቀት እየተስተካከለ ሄደ፤ የቤቱ ርቀት ግን እንዳለ ቀረ።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ መልሱ ሌላ ሆነ። በ1984 ዓ.ም. የወጣው አዋጅና የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ክልሎች በየራሳቸው የሥራ ቋንቋ እንዲተዳደሩ ፈቀዱ። ብዙ ሠራተኞችም ከመካከለኛው መንግሥት ወደ ክልሎች ሄደው ወደ ትውልድ ስፍራቸው ቀረቡ። ሕዝቡም በሚያውቀው ቋንቋ የሚያስተናግደው ሠራተኛ አገኘ። በአንጻሩ ባል በአንድ ክልል፣ ሚስት በሌላው ክልል የሚሠሩ እንደ ሆነ፣ ክልሎች ሠራተኞቻቸውን በየራሳቸው ስለሚያስተዳድሩ፣ መቀራረቡ በአንድ የዝውውር ደብዳቤ የሚያልቅ መሆኑ ቀረ። ብዙ ጊዜ የቀደመውን ሥራ ትቶ በአዲስ ቅጥር መጀመርን ይጠይቃል። እንግዲህ ርቀቱ በኪሎ ሜትር ሲያጥር በደንብ ረዘመ።

ከዚህ ሁሉ ምን እንማራለን? አንደኛ፣ ማመልከቻውን የሚመረምር ሹም፣ ከወረቀቱ በስተኋላ የቆመውን ቤት ያስብ። ልቡ በሁለት ስፍራ የተከፈለ ሠራተኛ፣ ወንበሩ ላይ ቢቀመጥም ሥራው ላይ አለ ለማለት ያስቸግራል። ሁለተኛ፣ አመልካቹም ቢሆን የመንግሥትን ሥጋት ይረዳ። ሹምን ከዘመዱ ያራቁት ጭካኔ ብቻ አልነበረም፤ ዘመድ በተሰበሰበበት ስፍራ ፍርድ ይጓደላል የሚል ፍርሃትም ነበረ፤ ይህም ፍርሃት ያለ ምክንያት አልመጣም። ሦስተኛም፣ ፈቃዱን አግኝቶ ወደ ቤተ ሰቡ የቀረበ ሰው ዕዳ እንዳለበት ይወቅ። ከእናቱ ጋር ራት መብላት መብቱ ነው፤ የአጎቱን ልጅ ጉዳይ ከወረፋው አስቀድሞ መጨረስ ግን መብቱ አይደለም። ይህን ድንበር የሚጠብቅ ሠራተኛ፣ ከእርሱ በኋላ ለሚያመለክቱት ሁሉ በር ይከፍታል፤ የሚጥሰው ግን በሩን ይዘጋባቸዋል።

የተከበሩ አንባቢ ሆይ! ምናልባት እርስዎ ራስዎ ዛሬ እንዲህ ያለውን ማመልከቻ በመሳቢያዎ ውስጥ አስቀምጠው፣ ላቅርበው ወይስ ልተወው እያሉ ያመነቱ ይሆናል። ወይም የሌላው ሰው ማመልከቻ በጠረጴዛዎ ላይ ፊርማዎን ይጠብቅ ይሆናል። አባቶቻችን ቤታቸውን በበቅሎ ጭነው ሥራቸውን ተከተሉ፤ እኛ ግን ቤታችንን መጫን አንችልም። ስለዚህ የሚቻል ሲሆን ሥራው ወደ ቤት እንዲቀርብ መፍቀድ፣ የተፈቀደለትም ሰው በቅንነት ማገልገል፣ የሁለቱም ወገን ግዴታ ነው።