ያለ ቬሎና ያለ ቀለበት፤ በ1895 በሶ ከተማ ስለ ተደረገ አንድ ሠርግ

የማሪ ኩሪ ስም ሲነሣ ወደ ሁላችንም አሳብ የሚመጣው ራዲዩምና ሁለቱ የኖቤል ሽልማቶች ናቸው። እኛ በዚህ አጭር ጥናት ልንመለከት የተነሣነው ግን ከዚያ ሁሉ በፊት ያለፈውን አንድ ቀን ነው፤ ይኸውም ጁላይ 26 ቀን 1895 (እ.ኤ.አ.) በፓሪስ አጠገብ ባለችው በሶ ከተማ የተፈጸመው የጋብቻዋ ቀን ነው። ስለዚህ ሠርግ የሚጽፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ በሁለት መሥመር ያልፉታል፤ ሙሽሮቹ ድሆች ስለ ነበሩ ያለ ድግስ፥ ያለ ነጭ ልብስና ያለ ቀለበት ተጋቡ ብለው ወደ ላቦራቶሪው ይሮጣሉ። ይህ አባባል ግማሹ እውነት፥ ግማሹ ግን የተሳሳተ መስሎ ይታየናል። ስለዚህ የምንጠይቀው ይህን ነው፤ በዚያ ቀን ከጐደለው ነገር ገንዘብ ያጐደለው የትኛው ነው? ሙሽሮቹ ፈቅደው የተዉትስ የትኛው ነው?

ቀኑ በእኛ አቈጣጠር ሐምሌ 20 ቀን 1887 ዓ.ም. ነበር። ሁለት ወር ሳይሞላ ዐፄ ምኒልክ የክተት ዐዋጃቸውን አስነገሩ፤ ሰባት ወር እንዳለፈም የዐድዋ ጦርነት ሆነ። ሁለቱን ነገር የሚያገናኝ ምንም ክር የለም፤ አንባቢ ዘመኑን በቀላሉ እንዲያስታውሰው ብለን ብቻ ጠቀስነው። ከዚህ በታች የሚገኙት ዓመታት ሌላ ካልተባለ በቀር በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ስለ ምንጮቹ አስቀድመን አንድ ቃል መናገር ይገባናል። ማሪ ራስዋ በ1923 ስለ ባልዋ ሕይወት ባሳተመችው መጽሐፍ ስለ ሠርጉ የተናገረችው እጅግ ጥቂት ነው፤ ሥርዓቱ ቀላል እንደ ነበረ፥ ፒዬር የማናቸውም ሃይማኖት ተከታይ ስላልነበረና እርስዋም ሃይማኖትዋን ስለማትፈጽም የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት እንዳልተደረገ ብቻ ትገልጻለች። ብዙው ዝርዝር የሚገኘው ሁለተኛዪቱ ልጅዋ ኤቭ ኩሪ በ1937 ካወጣችው የሕይወት ታሪክ ነው። ኤቭ ግን የተወለደችው በ1904 ነው፤ አባትዋ በ1906 ሲሞት ገና ሕፃን ነበረች። እንግዲህ የጻፈችው ከቤተ ሰብ ደብዳቤና ከቤተ ሰብ ወሬ ነው፤ የቤተ ሰብ ወሬ ደግሞ በተነገረ ቍጥር እየተወለወለ የሚሄድ ነገር መሆኑን ሁላችንም ከየቤታችን እናውቃለን። ይሁን እንጂ በዋናው ነገር እናትና ልጅ አይቃረኑም፤ ስለዚህ በጥንቃቄ ልንጠቀምበት ይቻላል።

ማሪያ ስክሎዶቭስካ በ1867 በዋርሶ ተወለደች። በዚያን ጊዜ ፖላንድ በሦስት መንግሥታት የተከፋፈለች አገር ነበረች፤ ዋርሶም በሩስያ እጅ ነበረች። በዋርሶ ዩኒቨርስቲ ለሴት ልጅ ቦታ ስላልነበረ ማሪያ ለብዙ ዓመታት በሰው ቤት ልጆች እያስተማረች ለእኅትዋ ለብሮንያ የሕክምና ትምህርት ገንዘብ ስትልክ ቈየች፤ በ1891 ተራዋ ደርሶ ወደ ፓሪስ መጣች። በ1893 በፊዚክስ ፈተና አንደኛ፥ በ1894 በሒሳብ ሁለተኛ ሆና አለፈች። የምትኖረው በቤት ጣራ ሥር ባለች ጠባብ ክፍል ነበር። ከአገርዋ ያገኘችውን የ600 ሩብል የትምህርት ርዳታ በኋላ ገንዘብ ስታገኝ መልሳ ከፍላለች፤ ማንም ሳይጠይቃት የከፈለች ስለ ሆነ ይህ አንድ ነገር ጠባይዋን ከብዙ ገጽ ይልቅ የሚገልጽ ይመስለናል።

ፒዬር ኩሪን ያወቀችው በ1894 በጸደይ ወራት አንድ የፖላንድ ፊዚክስ ሊቅ አገናኝቷቸው ነው። እርሱ በፓሪስ ከተማ የፊዚክስና የኬሚስትሪ ኢንዱስትሪ ትምህርት ቤት የሚያስተምር የ35 ዓመት ሰው ነበር፤ እርስዋ ደግሞ ስለ ብረት መግነጢሳዊነት ለመመርመር ቦታ ትፈልግ ነበር። ጋብቻ በጠየቃት ጊዜ እሺ ለማለት አንድ ዓመት ያህል ወስዶባታል። ምክንያቱ የፍቅር ማነስ አልነበረም። ሽማግሌው አባትዋ በዋርሶ ነበሩ፤ ተምራ ተመልሳ ወገንዋን ለማስተማርም ለራስዋ ቃል ገብታ ነበር። በፈረንሳይ ሕግ መሠረት ደግሞ ፈረንሳዊ ያገባች የውጭ አገር ሴት የባልዋን ዜግነት ትይዝ ነበር። እንግዲህ ለእርስዋ ይህ ጋብቻ ድግሱ ቢቀር እንኳ ዋጋው ርካሽ አልነበረም። ፒዬር ይህን ስለ ተረዳ እርሱ ራሱ ወደ ፖላንድ ሄዶ ፈረንሳይኛ እያስተማረ ለመኖር እንደሚፈቅድ ነገራት። የሠርጉ ዝግጅት የተጀመረው ከዚህ ነው ብንል አንሳሳትም፤ ማን ምን ይተዋል የሚለው ጥያቄ ከልብሱና ከምግቡ ቀድሞ ተነሥቶ ነበርና።

አሁን ወደ ቀኑ እንምጣ። ብዙ ጸሐፊዎች በማዘጋጃ ቤት መጋባታቸውን እንደ ትልቅ ዐመፅ ይቈጥሩታል፤ ይህ ስሕተት ነው። በፈረንሳይ አገር ከ1792 ሕግ ጀምሮ ጋብቻ በሕግ የሚጸናው በመንግሥት ሹም ፊት ሲፈጸም ብቻ ነው፤ ካቶሊኩም ሆነ ሌላው ወደ ቤተ ክርስቲያን ከመሄዱ በፊት በከንቲባው ፊት መቆም ነበረበት። ስለዚህ የኩሪዎቹ ያልተለመደ ሥራ ወደ ማዘጋጃ ቤት መሄዳቸው ሳይሆን ከዚያ አልፈው አለመሄዳቸው ነው። የሙሽራው አባት ዶክተር ኩሪ ነጻ አሳብ የሚከተሉ ሰው ስለ ነበሩ በዚህ አልተቈጡም፤ ከሙሽሪት ወገንም የተከለከለ አልነበረም።

የልብሱ ነገር እንዲህ ነው። የብሮንያ አማት ለሙሽሪት ልብስ ሊያሰፉላት ፈቀዱ። ማሪ ስጦታውን አልመለሰችም፤ ነገር ግን ከዕለት ልብስዋ በቀር ሌላ እንደሌላትና የሚሰጣት ልብስ ጠቈር ያለና ለሥራ የሚመች ቢሆን በኋላ ላቦራቶሪ ለብሳው ልትሄድ እንደምትችል አስታወቀች። በዚህ መሠረት ጥቍር ሰማያዊ የሱፍ ልብስ ከባለ መሥመር ሸሚዝ ጋራ ተሰፋላት። እዚህ ላይ አንባቢ እንዲያስተውል የምንፈልገው ነገር አለ፤ ገንዘቡ የሌላ ሰው ነበረ፤ ነጭ ልብስ ብትጠይቅ ኖሮ ነጩም ሊሰፋላት ይችል ነበር። እንግዲህ ነጩን ልብስ ያስቀረው ድህነት አይደለም።

ቢስክሌቶቹ ደግሞ ነገሩን ከሌላ ወገን ያሳዩናል። አንድ የሥጋ ዘመድ ለሠርግ ስጦታ ገንዘብ ላከላቸው፤ በዚህ ገንዘብ ከሠርጉ አንድ ቀን በፊት ሁለት ቢስክሌት ገዙ። በ1895 ቢስክሌት የድኻ ዕቃ አልነበረም፤ ለቀን ሠራተኛ ከዐቅም በላይ ነበር። ቈጣቢዎች ብቻ ቢሆኑ ኖሮ ገንዘቡን ለቤት ኪራይ ባስቀመጡት ነበር። እነርሱ ግን ለአንድ ቀን ምሳ ከሚያወጡት ይልቅ ለብዙ ሳምንት መንገድ ማውጣትን መረጡ፤ የጫጕላቸውንም ጊዜ በየመንደሩ በቢስክሌት ሲዘዋወሩ፥ በትንንሽ የመንገድ ማረፊያ ቤቶች ሲያድሩ አሳለፉት። ሁለቱም ገጠርና ዛፍ የሚወዱ ሰዎች ነበሩ፤ ፒዬር በተለይ ከልጅነቱ ጀምሮ በጫካ መንከራተት ልማዱ ነበር። ስለዚህ ይህን ሠርግ የቍጠባ ሠርግ ብቻ ብሎ መጥራት አይበቃም፤ በማይወዱት ነገር ላይ የቈጠቡበት፥ በሚወዱት ላይ ያላቅማሙበት ሠርግ ነው።

የቀረው በአጭሩ ሊነገር ይቻላል። ሙሽራውና ሙሽሪት በፓሪስ ውስጥ በፈረስ በሚሳበው የሕዝብ ሠረገላ ፎቅ ላይ ወጥተው እስከ ባቡር ጣቢያው ሄዱ፤ ከዚያም በባቡር ወደ ሶ ደረሱ። የወርቅ ቀለበት አልነበረም። ውል አዋዋይ አልተጠራም፤ በዚያ ዘመን የከበርቴው ወገን ጥሎሹንና ንብረቱን በውል ሳያስጽፍ አይጋባም ነበር፤ እነዚህ ግን የሚጻፍ ንብረት አልነበራቸውም። ይህ አንዱ በእውነት በድህነት ምክንያት የቀረ ነገር ነው። እንግዶቹ ብሮንያና ባልዋ፥ ከዋርሶ የመጡት አባትዋና እኅትዋ ሄላ፥ የሙሽራው ወላጆችና ጥቂት የዩኒቨርስቲ ወዳጆች ነበሩ። ከማዘጋጃ ቤቱ ሲመለሱ የተሰበሰቡት በዶክተር ኩሪ ቤት የአትክልት ቦታ ነው፤ ዳስ ሳይጣል ማለት ነው።

ከዚህ ጋራ ለማነጻጸር አርባ ዓመት ወደ ኋላ ተመልሰን ሌላ ሠርግ እንጥቀስ። ሜይ 1 ቀን 1855 በአሜሪካ በማሳቹሴትስ ግዛት፥ ዌስት ብሩክፊልድ በምትባል ቦታ፥ ሉሲ ስቶንና ሄንሪ ብላክዌል በሙሽሪት ቤተ ሰብ ቤት ተጋቡ። እነርሱም ድግሱን አላበዙትም፤ ነገር ግን ትኵረታቸው በዕቃ ላይ ሳይሆን በቃል ላይ ነበር። ባል በሚስቱ ገንዘብና በሰውነትዋ ላይ ሕግ የሚሰጠውን ሥልጣን የሚቃወም ጽሑፍ በሠርጉ ላይ አነበቡ፤ ከመሐላው ውስጥም የመታዘዝን ቃል አወጡ። ያጋባቸው ቄስ ቶማስ ዌንትወርዝ ሂጊንሰን ጽሑፉን ደግፎ እንዲታተም አደረገ። ስቶን ከዚያ በኋላ በራስዋ ስም ጸናች፤ በ1879 በማሳቹሴትስ ለሴቶች በትምህርት ቤት ጉባኤ ምርጫ ድምፅ ሲፈቀድ በባልዋ ስም አልመዘገብም ስላለች መብትዋ ቀረባት።

ይህን ስናይ ስለ ኩሪዎቹ ሠርግ አንድ ትችት ሊነሣ ይገባል። የፈረንሳይ ሕግ ሹሙ ለሙሽሮቹ የባልና የሚስትን ግዴታ እንዲያነብላቸው ያዝዝ ነበር፤ በዚያ ውስጥ ሚስት ለባልዋ ልትታዘዝ ይገባታል የሚለው አንቀጽ 213 ይገኛል። ይህ የመታዘዝ ግዴታ ከሕጉ የወጣው በ1938 ነው። ያገባች ሴት የድካምዋን ዋጋ ራስዋ እንድታዝዝበት የተፈቀደላትም በ1907 ሕግ ነው። እንግዲህ ቀለበቱን፥ ነጩን ልብስና ቤተ ክርስቲያኑን የተወችው ሙሽሪት የመታዘዝን ሕግ ግን ተቀብላ መውጣትዋ ነው። ከእኛ መካከል አንዳንዶች ስለዚህ የስቶን ሠርግ ይበልጣል ብለው ተከራክረዋል። ሌሎቻችን ግን ማሪ የቃሉን ነገር በኑሮ እንደ ሻረችው እናስባለን፤ በ1896 ለመምህርነት በሚደረገው ትልቅ ፈተና አንደኛ ወጣች፤ በ1898 ባወጣችው የምርምር ጽሑፍም ላይ የአባትዋንና የባልዋን ስም አንድነት አድርጋ ፈረመች። ክርክሩን በመካከላችን ልንቈርጠው አልቻልንም።

እዚህ ላይ ወደ አገራችን ሳንመለከት ማለፍ አይሆንልንም። ያለ ቄስ፥ በሽማግሌዎች፥ በዋስና በምስክር ፊት መጋባት ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም፤ የሰማንያ ጋብቻ ይህ ነውና። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ሆነ በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ በመንግሥት ሹም፥ በሃይማኖትና በባህል የሚደረጉትን ሦስቱን ጋብቻዎች ተቀብለዋል። ስለዚህ እኛን የሚከብደን ሥርዓቱ ሳይሆን ድግሱ ነው። ድግሱን በደፈናው ማባከን ብሎ መንቀፍ ግን ቀላል ነው። በእኛ ዘንድ ድግስ ብድር ነው፤ የበላ ያበላል፤ በሠርግህ ቀን በዳስህ የተቀመጠው ጎረቤት በሐዘንህ ቀን ቀድሞ የሚደርሰው እርሱ ነው። ኩሪዎቹ እንደዚህ ያለ ብድር አልነበረባቸውም። የእርስዋ ወገን በሌላ አገር ነበር፤ የእርሱ ቤተ ሰብም ጥቂትና ከሕዝብ ራቅ ብሎ የሚኖር ነበር። ጥቂት ሰው ለሚያውቁ ሰዎች ጥቂት ሰው መጥራት ቀላል ነው። የእነርሱን ሠርግ እንዳለ ወስዶ ለወሎ ወይም ለጐጃም ገበሬ ልጅ ምሳሌ ማድረግ ስለዚህ አይቻልም፤ ሊወሰድ የሚችለው የማሪ አሠራር ነው እንላለን፤ ስጦታ ሰጪውን ሳታሳዝን ስጦታውን ወደምትፈልገው ነገር መለሰችው።

ከጫጕላው ከተመለሱ በኋላ የገቡበት ቤት በፓሪስ በግላሲዬር መንገድ፥ በአራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ባለ ሦስት ትንንሽ ክፍል ነበር። ትዳራቸው ሲጀመር በወር 500 ፍራንክ ገቢ ነበራቸው፤ ማሪም ወጪውን ሁሉ በየዕለቱ የምትጽፍበት ደብተር ገዛች። ዶክተር ኩሪ የቤት ዕቃ ሊሰጧቸው ቢፈልጉም አልተቀበሉም፤ ዕቃ ሁሉ መጠረግና መወልወል ይፈልጋል፤ ለዚያ ደግሞ ጊዜ አልነበራቸውም። በሥራ ክፍላቸው የነበረው አንድ የነጭ እንጨት ጠረጴዛ፥ መጻሕፍት፥ መብራትና ሁለት ወንበር ነው። አንዱ ወንበር የእርሱ፥ ሁለተኛው የእርስዋ ነበር፤ አራት ፎቅ ደረጃ ወጥቶ ለመጣ እንግዳ የሚሆን ሦስተኛ ወንበር አልነበረም። እንግዳ መቀበልን ከሁሉ አስቀድመው በሚያስተምሩ ቤቶች ላደግን ለእኛ፥ ከቬሎውና ከቀለበቱ መቅረት ይልቅ ለመቀበል ያስቸገረን ይህ ወንበር ነው።