ዩኒቨርሲቲያችንና ዋንጫው፦ የ1954 ዓ.ም. ሁለት በዓላት

ስለ ዩኒቨርሲቲያችን ልደት ሲነሣ ሁላችንም የምንጠቅሳት ቀን አንዲት ናት፤ ታኅሣሥ 9 ቀን 1954 ዓ.ም.። ጃንሆይ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ለትምህርት ሰጥተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በስድስት ኪሎ በይፋ የተከፈተባት ቀን ናት። እኔ ግን ከዚያ 34 ቀን በኋላ የሆነውንም አብረን እንድናስታውስ እፈልጋለሁ። እሑድ ጥር 13 ቀን ኢትዮጵያ የአፍሪካ ዋንጫን አነሣች።

ዘመኑ ቀላል አልነበረም። ከዓመት በፊት የታኅሣሥ ግርግር ተነሥቶ፣ በዚያው በገነተ ልዑል ውስጥ መሳፍንትና ሹማምንት ተገድለዋል። የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎችም መፈንቅለ መንግሥቱን ደግፈው ሰልፍ ወጥተው ነበር። እንግዲህ ደም የፈሰሰበት ግቢ የትምህርት ቤት በር ሆኖ በተከፈተ ማግሥት ነው ከተማው በኳስ አብሮ የጮኸው። ጥምቀት ጥር 11 በጃንሜዳ ተከበረ፤ በ12 ሚካኤል ገባ፤ በ13 ሕዝቡ ወደ ስታዲየም ጎረፈ።

ታዲያ ይህ ድል ከእኛ ሰፈር ጋር ምን አገናኘው? ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ ስትወጡ፣ ጉለሌ ውስጥ፣ በ1917 ዓ.ም. የተከፈተው የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት አለ። ይድነቃቸው ተሰማ የተማሩት እዚያ ነው። የቅዱስ ጊዮርጊስ ቀደምት ተጫዋች ሆኑ፤ በየካቲት 1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን ከመሠረቱት አንዱ ሆኑ፤ በ1954 ደግሞ ብሔራዊ ቡድኑን ለድል መሩ። ከትምህርት ቤት ሜዳ የተጀመረ ነገር የት እንደሚደርስ ከእሳቸው የበለጠ ማስረጃ አላውቅም።

ድሉ ግን በአንድ ጀምበር አልመጣም። በመጀመሪያው ውድድር፣ በካርቱም፣ ፍጻሜው ላይ ግብፅ 4 ለ 0 ረታችን። በግንቦት 1951 ካይሮ ላይ ያው ግብፅ፣ ያው 4 ለ 0። ሁለቴ እንዲህ የተሸነፈ ሰው ሦስተኛ ጊዜ ያንኑ ባላጋራ ሲያይ ምን ይሰማዋል? እኔ የዚያ ቡድን ትልቅነት እዚህ ላይ ነው እላለሁ።

በግማሽ ፍጻሜው ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸነፉ። በፍጻሜው ግብፅ በ35ኛው ደቂቃ ቀደመች። ሁለተኛው አጋማሽ ሊያልቅ ሩብ ሰዓት ገደማ ሲቀረው ኢትዮጵያ አቻ አደረገች፤ ሰው ደስታውን ሳይጨርስ ግብፆች ወዲያው ደገሙ። ስድስት ደቂቃ ሲቀር አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ 2 ለ 2 አደረጋት። በተጨማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎ ሦስተኛዋን፣ የቅዱስ ጊዮርጊሱ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛዋን ጨመሩ። 4 ለ 2! ዋንጫውን ሉቺያኖ ከጃንሆይ እጅ ተቀበለ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ልናስተውለው የሚገባ ነገር አለ። ሉቺያኖ አስመራ የተወለደ፣ እናቱ ኤርትራዊት፣ አባቱ ጣሊያናዊ የሆነ ሰው ነው። ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር አንድ ላይ የሚጫወቱበት ቡድን አልልክም ስላለች ከመጀመሪያው ውድድር ውጪ ሆናለች። ከአምስት ዓመት በኋላ ያንኑ ዋንጫ ከፍ አድርጎ ያሳየው የክልስ ልጅ ነው። ይድነቃቸውም በኋላ የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሆነው እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ እስከ 1979 ዓ.ም.፣ አፓርታይድን በኳስ ሜዳ ታግለዋል።

ከዚያ ወዲህ ዋንጫው አልተመለሰም። በ1960 እና በ1968 ውድድሩን አዘጋጅተናል፤ በ2005 ከ31 ዓመት በኋላ ተመልሰን ተሳትፈናል፤ እሱም ቢሆን ትልቅ ነገር ነበር። ዩኒቨርሲቲው በበኩሉ ብዙ ልጅ አፍርቷል። ሁለቱ በአንድ ወር ገደማ ልዩነት የተወለዱ መንትዮች፣ አንዱ አደገ፣ አንዱ ቆመ ማለት ይቻላል። ምክንያቱን ሰው በየፊናው ይናገራል፤ እኔ ግን መጀመሪያ የትምህርት ቤት ሜዳዎቻችንን ተመልከቱ ባይ ነኝ።

አንድ ሐሳብ ላቅርብ። መንግሥቱ ወርቁ በ2003 ዓ.ም.፣ ሉቺያኖ ቫሳሎ በ2015 ዓ.ም. አርፈዋል። ያን እሑድ ስታዲየም ገብተው ያዩ ሰዎች ግን በየሰፈሩ፣ በየቤታችንም አሉ። የታሪክ ትምህርት የተማርን ልጆች መቅጃና ደብተር ይዘን ብንሄድ ቃላቸውን እናገኛለን። ዕድሜ ቀጠሮ አይሰጥምና፣ ከሚቀጥለው ስብሰባችን በፊት እያንዳንዳችን አንድ ሰው እንኳ ብናናግር ለዚህ መጽሔት ከዚህ የተሻለ ጽሑፍ ይኖረናል።