ከዜናው ባሻገር፦ የብሔራዊ ሬዲዮ ተራ ቀንና የማክሰኝት አድማጭ

የኢትዮጵያ ሬዲዮ በታሪክ መጻሕፍት ውስጥ ድምፁ የሚሰማው መንግሥት ሲናጋ ብቻ ነው። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የአልጋ ወራሹ መግለጫ፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን መውረድ፣ ግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም. የደርግ ፍጻሜ ይጠቀሳሉ። በመካከላቸው ያለው ዘመን ሁሉ ጸጥ ያለ ይመስላል። ጣቢያው ግን በየማለዳው ይከፈት፣ በየሌሊቱ ይዘጋ ነበር። የዚህ መጣጥፍ ጉዳይ ያ ተራ ቀን ነው።

ስለ ጣቢያው አጀማመር የተጻፈው ይበቃል። አቃቂ ላይ በ1928 ዓ.ም. ተጀመረ፤ የጣሊያን ወረራ አቋረጠው፤ ከነፃነት በኋላ ቀጠለ። በ1955 ዓ.ም. ስለተከፈተውና በ1969 ዓ.ም. ስለተወረሰው የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮም ማንፍሬድ ሉንድግሬን አጥጋቢ መጽሐፍ ትቷል። በእነዚህ ላይ ክርክር የለኝም።

ክርክሬ ከቤነዲክት አንደርሰን ጋር ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተመው ታዋቂ መጽሐፉ፣ የማይተዋወቁ ሰዎች ራሳቸውን እንደ አንድ ሕዝብ እንዲያስቡ ያደረገው የኅትመት ገበያ ነው ይላል፤ በተለይም ሺዎች በአንድ ማለዳ የሚገልጡት ጋዜጣ። ሬዲዮን የሚያነሣው በጥቂቱ ነው። በአንድ የግርጌ ማስታወሻ፣ ሬዲዮ ኅትመትን አልፎ ወረቀት ያልደረሰበት ሕዝብ ዘንድ እንደሚደርስ፣ ሚናውም ተገቢ ጥናት እንዳላገኘ ያምናል። ኋላ ደግሞ ሬዲዮንና ቴሌቪዥንን የኅትመት አጋዦች አድርጎ ይቆጥራቸዋል። አንድ ምሁር የንድፈ ሐሳቡን ትልቁን ቀዳዳ በግርጌ ማስታወሻ ከጠቆመ በኋላ እንደተከፈተ ትቶት ሲሄድ፣ ተከታዮቹ ጉዳዩ የተዘጋ መሰላቸው። የእኛን አገር መገናኛ ብዙኃን ያጠኑትም ከዚህ አላመለጡም፤ ኒኮል ስትሬምላው እንኳ የኢትዮጵያን ፖለቲካ ስትመረምር ዋና መስኮቷ ጋዜጣ ነው። ጋዜጣ አዲስ አበባ ላይ ይነበብ ይሆናል። ማክሰኝት ላይስ?

ማክሰኝት ከጎንደር በስተደቡብ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የጎንደር ዙሪያ ወረዳ ከተማ ናት፤ ዙሪያዋ ጤፍ፣ ማሽላና ሽምብራ ነው። እዚያ ብሔራዊው ጣቢያ የሚያዘው በአጭር ሞገድ ነበር፦ በ5990፣ በ7110 ወይም በ9705 ኪሎ ኸርዝ። ሬዲዮኑ ክር ሥራ ልብስ ለብሶ ከፍ ካለ ቦታ ይቀመጣል፤ ሽቦው ከጣሪያው ተነሥቶ ከባሕር ዛፉ ጋር ይታሰራል፤ የደከመው ባትሪ ድንጋይ ለማታው እንዲደርስ ቀን ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ባትሪ ድንጋይ በገንዘብ የሚገዛ ነውና አድማጩ የሚያደምጠውን ይመርጣል። አንደርሰን ያላሰበው ይህን ነው፤ ሰውዬው ጋዜጣ እንደሚያገላብጥ ሁሉን አይሰማም፣ የፕሮግራሙን ቀንና ሰዓት ቆጥሮ ይከፍታል።

በዚህ አገር ከሰንበት ሌላ የሥራና የዕረፍት ቀን የሚለየው በወሩ ቀን ነው፤ በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ29 በዓለ እግዚአብሔር ሞፈር አይነሣም። ገበያ ግን ሳምንትን ይከተላል፤ የሬዲዮ ፕሮግራምም እንዲሁ። ትረካው፣ ድራማው፣ የእሁዱ መዝናኛ የሚመላለሱት በሳምንት ቀን ነው። ስለዚህ ብሔራዊው ሬዲዮ ወደ ገበሬው ቤት ሲገባ የደብሩን አቆጣጠር ትቶ ከገበያው ጋር ገጠመ። ከጎንደር እስከ ጅማ በአንድ ሰዓት የሚደመጥ ሳምንት ከዚህ በፊት አልነበረም።

ዋናው ማስረጃዬ «ከመጻሕፍት ዓለም» የተሰኘው የጣቢያው የትረካ ፕሮግራም ነው። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ሲታተም ከአሥር ኢትዮጵያውያን አንዱ እንኳ ማንበብ አይችልም ነበር። ያንን መጽሐፍ ለአገር ያደረሰው በዚህ ፕሮግራም የተረከው የተዋናዩ የወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ነው። ወጋየሁ ጽሑፉን አንብቦ ብቻ አላለፈም፤ ለፊታውራሪ መሸሻ ሌላ፣ ለጉዱ ካሣ ሌላ፣ ለሰብለ ወንጌል ሌላ ድምፅ ሰጣቸው። ዛሬ ስለ ጉዱ ካሣ የሚከራከር ሁሉ መጽሐፉን በእጁ የያዘ አይደለም። እንግዲህ ሬዲዮ ኅትመትን አልፎ ሄደ የሚለውም፣ የኅትመት አጋዥ ሆነ የሚለውም ለእኛ አይሠራም። መጽሐፉ በሬዲዮ ተጭኖ ተጓዘ፤ አንባቢውን ያፈራው አድማጩ ነው።

በኋላም ያው ነው። ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. በ257 ክፍሎች የተላለፈው «የቀን ቅኝት» ድራማ ከ15,000 በላይ የአድማጭ ደብዳቤዎች አስገኝቷል። ደብዳቤ ጸሐፊው ፊደል የቆጠረው ብቻ ነው የሚል ይኖራል። ላልቆጠረው ልጁ ይጽፍለታል።

ሁለት ተቃውሞዎችን እጠብቃለሁ። አንደኛው፣ የጣቢያው ቀን በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛና በአፋርኛ ስለተከፋፈለ አንድ ቀን ሊባል አይችልም የሚል ነው። ግን ያልገባውን ቋንቋ በዚያው ሞገድ የሰማ ገበሬ የአገሩን ስፋት ከየትኛውም ካርታ በላይ ተረድቷል። ሁለተኛው፣ ሰው እውነተኛ ወሬ ፍለጋ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ጀርመን ድምፅ፣ ከ1975 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ አሜሪካ ድምፅ ይዞር ነበር የሚል ነው። ልክ ነው፤ ይህ ለእኔ ይመሰክራል። ለዜናው የሸሸ አድማጭ ለትረካው የተመለሰ ከሆነ፣ ጣቢያውን ያቆመው ዜናው አልነበረም።

ከአንድ ወረዳ ተነሥቶ ስለ አገር መናገር ጥንቃቄ እንደሚሻ አልዘነጋሁም። ይሁንና ከአንድ ከተማ ጋዜጣ ተነሥተው ስለ አገር የጻፉት ይህን ጥንቃቄ አልተጠየቁም።

በየዓመቱ የሚታተመው የዓለም ሬዲዮና ቴሌቪዥን መምሪያ የጣቢያውን ሞገዶችና የስርጭት ሰዓታት ይዘረዝራል፤ ተመራማሪ ግን የቴክኒክ ሠንጠረዥ ነው ብሎ ያልፈዋል። የአድማጩ ትዝታ ደግሞ ገና አልተመዘገበም። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ከማክሰኝት የሚለያቸው የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። መንገዱ ሰላም በሆነ ቀን መቅረጸ ድምፅ ይዘው ይሂዱና አዛውንቱን ይጠይቁ፤ የሚጠየቀውም ምን ዜና ሰማችሁ ሳይሆን ለየትኛው ፕሮግራም ባትሪ ድንጋይ ታስቀምጡ ነበር የሚለው ነው።