«ኢትዮጵያ» የተሠራችበት ዳርቻ

ታሪክ ስንማር፣ የባሕር ኃይላችን ትልቋ መርከብ «ኢትዮጵያ» ታሪኳ ምጽዋ ላይ የሚጀምር ይመስለኝ ነበር። ሲያትል ገብቼ ዓመታት ከቆየሁ በኋላ ነው የተሠራችበት ቦታ ከቤቴ ሩቅ አለመሆኑን ያወቅሁት። ቦታው ከርክላንድ ከተማ፣ ዋሽንግተን ሐይቅ ዳር ነው። ዛሬ ካሪሎን ፖይንት ይሉታል፤ ሆቴልና የጀልባ ማቆሚያ ሆኗል። ያኔ ግን ሌክ ዋሽንግተን ሺፕያርድስ የሚባል የመርከብ መሥሪያና መጠገኛ ነበር። (ዓመታቱን የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

ሐይቅ ላይ የባሕር መርከብ እንዴት ይሠራል እንዳትሉኝ፤ ሐይቁን ከባሕር የሚያገናኝ ቦይ በ1917 ተመርቋል። በ1933 ካሊፎርኒያ ውስጥ የተቃጠለች «ፔራልታ» የተባለች የመንገደኛ መርከብ እዚህ ተጎትታ መጥታ፣ በተረፈው አካሏ ላይ አዲስ ተሠርቶላት በ1935 «ካላካላ» ሆና ሥራ ጀመረች።

የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ሥራው ወደ ጦር መርከብ ዞረ። የእኛዋ በ1942 ተጀምራ፣ ጥር 1944 «ኦርካ» በሚል ስም ለአሜሪካ ባሕር ኃይል አገልግሎት ገባች። ሥራዋ የባሕር አውሮፕላኖችን መንከባከብ ነበር፤ ፊሊፒንስ ዘምታለች።

በ1962 መጀመሪያ ለኢትዮጵያ ተሰጠች። ስጦታ እንዳይመስላችሁ፤ ውሰት ነበር፣ የገዛናት በ1976 ነው። በዚያው በ1962፣ ኅዳር ላይ፣ የኤርትራ ፌዴሬሽን ፈረሰ። መርከቧና ጦርነቱ አብረው አረጁ ማለት ይቻላል። የካቲት 1990 ምጽዋ ከመንግሥት እጅ ወጣች። ግንቦት 1991 መርከቧ ሰው ጭና ወደ የመን ሸሸች፤ እዚያው ቆማ በ1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች።

ድሮ ቢሆን ይህን ታሪክ በሽንፈት ብቻ እዘጋው ነበር። አሁን ግን ሁለቱን መርከቦች አስተያያለሁ። «ፔራልታ» ተቃጥላም የዳነችው ተቀብሎ የሚጠግናት ዳርቻ ስለነበራት ነው። «ኢትዮጵያ» ሳትቃጠል የጠፋችው የምትገባበት ወደብ ስላጣች ነው። እኛ ባሕር ኃይልን በመርከብ ብዛት ቆጠርነው፤ መርከብን የሚያቆየው ግን ወደቡ፣ ጥገናው፣ ከዳርቻው ሕዝብ ጋር ያለው ሰላም ነው።

ከመካከላችን አባቱ ወይም ወንድሙ በዚያች መርከብ ያገለገለ አይጠፋም። ፎቶም ሆነ ማስታወሻ ካለ፣ እባካችሁ ለሚቀጥለው መገናኛችን ይዛችሁ ኑ። ብረቱ ተሽጧል፤ የሰዎቹ ታሪክ ግን ገና አልተጻፈም።