በዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ጨዋታ የመጀመሪያ እትም ስለሚገኙ የተረሱ ደንቦች

በሰሜን አሜሪካ፥ በዊስኮንሲን ግዛት፥ ሌክ ጀኒቫ በምትባል ትንሽ ከተማ በ1974 ዓ.ም. ሦስት ቀጫጭን መጻሕፍት በአንድ ሣጥን ተደርገው ለሽያጭ ቀረቡ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ደራሲዎቹ ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ይባላሉ። በመጀመሪያ የታተመው አንድ ሺህ ቅጂ ብቻ ሲሆን ዋጋው 10 ዶላር ነበረ። ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ የተባለው ይህ ጨዋታ እንደ ሰንጠረዥ ያለ አሸናፊና ተሸናፊ የለውም። እያንዳንዱ ተጫዋች ተዋጊ ወይም አስማተኛ ወይም ካህን የሆነ አንድ የሐሳብ ሰው ይይዝና በእርሱ ስም ይናገራል። ዳኛ የሚባለው ደግሞ ያ የሐሳብ ሰው የሚገባበትን የምድር ውስጥ ዋሻና የሚሻገረውን በረሓ አስቀድሞ በወረቀት ነድፎ፥ የሚያጋጥመውን ሁሉ በቃል ይነግረዋል፤ አጠራጣሪ የሆነው ነገር በዳይስ ይቈረጣል።

የዛሬ ተጫዋቾች እነዚህን መጻሕፍት ሲገልጡ ብዙ እንግዳ ደንብ ያገኛሉ፤ አብዛኛውንም ጊዜ የደራሲዎቹ ልምድ ማነስ ያመጣው ነው ብለው ያልፉታል። ይህ ፍርድ የተቻኰለ ይመስላል። የጨዋታ ደንብም እንደ ማንኛውም ሕግ ከጀርባው ያልተጻፈ ልማድ አለውና፥ ልማዱን ያላወቀ ሰው ደንቡን ብቻ ቢያነብ ትርጕሙን ሊያገኝ አይችልም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመው ስለ ወራሽ የተጻፈው ነው። ዳኛው ቢፈቅድ፥ ተጫዋቹ ለያዘው የሐሳብ ሰው አንድ ዘመድ በወራሽነት ሊሰይምለት ይችላል። ባለቤቱ ሞቱ ተረጋግጦም ሆነ ሳይረጋገጥ በድንገት ከጠፋና በጨዋታው አቆጣጠር አንድ ወር ያህል ካለፈ፥ ወራሹ ከገንዘቡና ከዕቃው ላይ ዐሥር በመቶ ግብር ከፍሎ ሀብቱን ይረከባል፤ ማዕርጉ ግን ከታችኛው ደረጃ ይጀምራል። የጠፋው ሰው ተመልሶ ቢመጣስ? ሀብቱን መልሶ ለመያዝ እርሱም በተራው ዐሥር በመቶ ይከፍላል፤ ወራሹ በፈቃዱ መልቀቁንና አለመልቀቁን ግን የሚወስነው ዳኛው ነው። ወራሹ በጌታው አገልግሎት ቢቈይ ታማኝነቱ ይቀነሳል፤ ያጣውንም ሀብት እንደገና ለመያዝ ያሤር ይሆናል። ግብሩ ለማን እንደሚገባ መጽሐፉ አይናገርም። ጋይጋክስ እስከ 1970 ድረስ በመድን ሥራ የኖሩ ስለሆነ ደንቡን ከዚያ ሙያ ጋር ማያያዝ ያጓጓል፤ ነገር ግን ለዚህ ማስረጃ ስለሌለ ሌላ ምክንያት መፈለግ ይገባል።

ምክንያቱ የሚገኘው ጨዋታው በተወለደበት ማኅበር ውስጥ ነው። ደራሲዎቹም የመጀመሪያዎቹ ተጫዋቾችም በትንንሽ የቆርቆሮና የእርሳስ ወታደሮች የጦርነት ጨዋታ የሚጫወቱ ሰዎች ነበሩ። ዴቪድ ዌስሊ በ1969 ለእያንዳንዱ ተጫዋች ጦር ሳይሆን አንድ ሰው ብቻ የሰጡበትን ጨዋታ አደረጉ። አርነሰን ይህን ሐሳብ ተቀብለው ከ1971 ጀምሮ በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል ከተሞች ብላክሙር የተባለ የሐሳብ አገር አቋቋሙ። ጋይጋክስም በዚያው ዓመት ከጄፍ ፔረን ጋር ቼይንሜል የተባለ የጦርነት ጨዋታ ደንብ አሳትመው ነበር። በ1972 መጨረሻ አርነሰን ብላክሙርን ካሳዩአቸው በኋላ ጋይጋክስ በሌክ ጀኒቫ የራሳቸውን አገር፥ ግሬይሆክን፥ ከፈቱ። እንግዲህ ጨዋታው ከዚህ የወጣ ስለሆነ፥ የ1974ቱ መጽሐፍ በአንድ ዳኛ አገር ከአራት እስከ ኀምሳ ተጫዋች ሊኖር እንደሚችል፥ ለሃያ ሰው ያህልም አንድ ዳኛ እንደሚያስፈልግ ይናገራል። ኀምሳ ሰው በአንድ ማዕድ ዙሪያ አይቀመጥም። ዛሬ እነዚህ፥ ነገ እነዚያ እየመጡ አንዱን ዋሻ በየተራ ይበረብሩታል፤ አንዱ የተወውን ወርቅ ሌላው ያነሣዋል። አንዱ ተጫዋች ለትምህርት ወይም ለሥራ ርቆ ሲቀር አገሩ እርሱን አይጠብቅም።

ስለ ጊዜ የተደነገገውም በዚሁ ዐይን ሲታይ ይገለጣል። ወደ ዋሻ የሚደረግ አንድ ጕዞ፥ ዝግጅቱ ተጨምሮ፥ አንድ ሳምንት ሆኖ ይመዘገባል፤ አንድ የእውነት ሳምንትም በጨዋታው አገር አንድ ሳምንት ነው። ከአምስት የማይበልጡ ወዳጆች ብቻ ሲጫወቱ እንዲህ ያለው መዝገብ ከንቱ ድካም ነው፤ ጨዋታውን ባቆሙበት ቀን ቢቀጥሉት ማንም አይጐዳም። በርካታ ቡድን በአንድ አገር ሲመላለስ ግን፥ ማን ቀድሞ ከዋሻው እንደ ደረሰና የማን ቍስል እስከ መቼ እንደሚያገግም የሚያስታርቅ አንድ ዘመን መቍጠሪያ የግድ ነው። የወራሹ አንድ ወር የሚለካውም በዚሁ ነው። ጋይጋክስ በ1979 ባሳተሙት የዳኛ መመሪያ ውስጥ ስለ ጊዜ መዝገብ አጥብቀው የተናገሩት ያለ ምክንያት አልነበረም።

ሁሉም ደንብ ግን በተጫዋቾች ብዛት አይፈታም። በሦስተኛው መጽሐፍ የዋሻው በሮች ለጀብደኞቹ በጕልበት ካልተገፉ አይከፈቱም፤ በዳይስ ከስድስቱ አንድ ወይም ሁለት ሲወጣ ብቻ ይከፈታሉ፥ ከተከፈቱም በኋላ አብዛኞቹ በራሳቸው ይዘጋሉ። ለአውሬዎችና ለጭራቆች ግን ያለ ችግር ወለል ይላሉ። ደግሞም ጭራቆች በድቅድቅ ጨለማ ያያሉ፤ ነገር ግን ከመካከላቸው አንዱ ለተጫዋች አገልጋይ ሆኖ ከገባ ይህ ችሎታ ይለየዋል። አንዳንድ ተንታኞች የዐይንን አፈጣጠር ጠቅሰው ሊያስረዱት ይሞክራሉ፤ ልፋታቸው ግን ፍሬ የለውም። ደንቡ የሚጠይቀው ዐይኑ ምን ዓይነት እንደ ሆነ ሳይሆን ባለዐይኑ የማን ወገን እንደ ሆነ ነው። ዋሻው ራሱ ወዳጅና ጠላት የሚለይ፥ እንግዳን የሚገፋ ስፍራ ሆኖ ታስቧል።

ስለ ቋንቋም ተመሳሳይ ሐሳብ ይገኛል። በጨዋታው ዓለም ፍጥረት ሁሉ ለሕግ፥ ለሁከት ወይም ለመካከለኛው ወገን የተከፈለ ነው፤ እያንዳንዱም ወገን የየራሱ ቋንቋ አለው። የ1979ኙ መመሪያ ከዚህ አልፎ፥ ወገኑን የለወጠ ሰው የቀድሞ ቋንቋውን ያጣል ይላል። ቋንቋ የሚወረሰው ከእናትና ከአገር መሆኑን ለሚያውቅ አንባቢ ይህ ነገር የማይመስል ነው፤ ኋለኞቹ እትሞችም ትተውታል። ምናልባት የአንድ ምስጢር ማኅበር አባላት ከሚግባቡበት ቃል ጋር ቢነጻጸር ይቀርብ ይሆናል።

በእውነት ስሕተት ሊባል የሚገባውም አለ። በ1977 ጨዋታውን ለጀማሪዎች ያሰናዱት የነርቭ ሐኪሙ ኤሪክ ሆምዝ ነበሩ። በእርሳቸው መጽሐፍ መሣሪያ ሁሉ እኩል ጕዳት ያደርሳል፤ ሆኖም ጩቤ በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ሲመታ፥ በሁለት እጅ የሚያዘው ሰይፍ በሁለት ዙር አንድ ጊዜ ብቻ ይመታል። እንደዚህ ከሆነ ጩቤ የያዘ ሰው ታላቁን ሰይፍ ከያዘው አራት እጥፍ ይበልጣል። ለቀላል መሣሪያ ፍጥነት መስጠት ከቼይንሜል የመጣ ነው፤ በዚያ ግን ረጅሙ መሣሪያ ቀድሞ የሚመታበትና ከባዱ ጥሩርን የሚበሳበት ሠንጠረዥ ነበረ። ፍጥነቱ ተወስዶ ማካካሻው ቀረ።

ወራሹን በሚመለከት በቶም ሞልድቬይ እጅ በ1981 የተዘጋጀው የጀማሪዎች መጽሐፍ ደንቡን ጠብቆታል፤ ዐሥር በመቶውም አልተነካም። ግብሩን የሚወስዱት የአካባቢው ባለሥልጣኖች መሆናቸው እንኳ እዚያ ተገልጧል። የተለወጠው ሌላ ነገር ነው። ውርስ የሚከፈተው በመጥፋት ሳይሆን በሞት ሆነ፤ ለአንድ ተጫዋችም አንድ ጊዜ ብቻ ተፈቀደ። ስለሚመለሰው ሰው፥ ስለ ሁለተኛው ግብርና ስለ ወራሹ ሤራ የተጻፈው ሁሉ ተሰርዟል። በእርግጥም አንድ ማዕድ ለሚከቡ ጥቂት ወዳጆች፥ ጠፍቶ ከርሞ የሚመለስ ሰው ደንብ አያሻውም፤ ወንበሩ ባዶ ሆኖ ይጠብቀዋል። ከ1974 እስከ 1981 ባሉት ሰባት ዓመታት ጨዋታው ከሰፊ ማኅበር ወደ ጠባብ ማዕድ መዛወሩን ከዚህ ስረዛ ይልቅ አጕልቶ የሚያሳይ ምስክር ማግኘት ያስቸግራል።

በ2013 የጨዋታው ባለመብት የሆነው ድርጅት ሦስቱን የ1974 መጻሕፍት በእንጨት ሣጥን አድርጎ እንደገና አሳትሟል። የጠፋው ሰው መመለስም፥ ሁለተኛው ዐሥር በመቶም በቦታቸው ናቸው፤ የግብሩ ተቀባይ ግን በዚያም አልተጠቀሰም።