አባ ጸብራና የሰንበት መጻሕፍት

«ራቢ» የሚለው የዕብራይስጥ ማዕረግ፣ ማለትም በሕግ የተማረ የአይሁድ መምህር፣ ለኢትዮጵያ አይሁድ፣ ለቤተ እስራኤል፣ እስከ ቅርብ ዘመን ድረስ እንግዳ ነበር። ራቢዎች በሕግ ላይ ያደረጉት ክርክርና ትርጓሜ የተሰበሰበበት ታልሙድም ወደ ኢትዮጵያ ስላልደረሰ፣ የማኅበረሰቡ እምነት በኦሪት፣ በቄሶችና በመነኮሳት ላይ ጸንቶ ቆይቷል። ስለዚህ የራቢን ሥፍራ የያዘውን መንፈሳዊ አባት የሚፈልግ ሰው በመጀመሪያ የሚያገኘው አባ ጸብራን ነው።

ትውፊቱ አባ ጸብራን የሚያኖረው በ15ኛው ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመነ መንግሥት (1434–1468 እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ) ነው። መነኩሴው በትውልዱ ክርስቲያን ሲሆን፣ ቤተ እስራኤልን ሊያስተምር ሄዶ እርሱ ራሱ የእነርሱን ሃይማኖት እንደ ተቀበለ፣ የንጉሡም ልጅ ጸጋ አምላክ ቤተ መንግሥቱን ትቶ እንደ ተከተለው ይተረካል። ይኸው ቤተ መንግሥት ከዛሬው ወሰን ሰፊ ከነበረው ከሐዲያ የመጣችውን ንግሥት እሌኒንም ተቀብሎ ነበር። ከሐዲያ ገዥ፣ ከገራዱ፣ ቤት ወጥታ ክርስትናን የተቀበለችው እሌኒና በትውፊቱ ከክርስትና ወደ ኦሪት የተሻገረው ጸጋ አምላክ የአንድ ዘመን ሰዎች ናቸውና፣ በዚያ ጊዜ የሃይማኖቶች መንገድ በሁለቱም አቅጣጫ ይኬድበት እንደነበር ያስረዳሉ።

ሁለቱ አባቶች የቤተ እስራኤልን ምንኩስና እንደ መሠረቱ፣ ጸሎትን እንደ ደረሱ፣ ካህናትን እንዳስተማሩ ይታመናል። መነኮሳቱ ንጽሕናቸውን ለመጠበቅ ከሌላው ሰው ርቀው ይኖሩ ነበር፤ ቄሶች ግእዝንና ሥርዓተ ጸሎትን የሚማሩት ከእነርሱ ዘንድ ነበርና፣ ገዳሙ ለምእመናኑ ትምህርት ቤትም ነበር።

ከማኅበረሰቡ መጻሕፍት ሁሉ የዚህን ትምህርት መንፈስ አጉልቶ የሚያሳየው «ትእዛዘ ሰንበት» ነው። በዚህ መጽሐፍ ሰንበት ቀን ብቻ ሳትሆን የእግዚአብሔር ልጅ፣ መላእክት የሚያጅቧት ንግሥት ናት፤ ስለ ኃጢአተኞች ትማልዳለች፣ በገሃነም ያሉ ነፍሳትም ስለ እርሷ በቀኗ ያርፋሉ። የሰንበትን ሕግ ለዚህ መጽሐፍ በብዙ ያወረሰው መጽሐፈ ኩፋሌ ሲሆን፣ እርሱም በሰንበት እሳት ማንደድን፣ ውኃ መቅዳትንና መንገድ መሄድን ብቻ ሳይሆን መጾምን ጭምር ይከለክላል። ሕጉ ጾምን ከሥራ ጋር አብሮ መከልከሉ የሰንበት ዕረፍት ከድካም መገላገል ብቻ ሳይሆን ደስታም መሆኑን ያሳያል።

የሰንበት ጉዳይ በዚያ ዘመን የቤተ እስራኤል ብቻ አልነበረም። የክርስቲያኑ መነኩሴ የአባ ኤዎስጣቴዎስ ተከታዮች ቅዳሜም ከእሑድ ጋር እንዲከበር ለረጅም ጊዜ ከታገሉ በኋላ፣ በ1450 በደብረ ምጥማቅ የተሰበሰበው ጉባኤ ሁለቱም ሰንበቶች እንዲከበሩ ወሰነ። ኩፋሌን የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንትም ያነቡት ነበር፤ ከቤተ እስራኤል መጻሕፍትም በርካቶቹ ከክርስቲያን ድርሳናት ተወስደው በኦሪት እምነት መሠረት የታረሙ ናቸው። ይህ ክብራቸውን አይቀንስም፤ በአንድ የግእዝ ማዕድ ተቀምጠው የየራሳቸውን ጸሎት የጸለዩ ወገኖች እንደነበሩ ይመሰክራል እንጂ።

ምንኩስናው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ክፉኛ ተዳከመ። ከ1860 ወዲህ የመጡት የፕሮቴስታንት ሚሲዮናውያን፣ በ1862 በመነኩሴው በአባ ማኅሪ መሪነት ወደ ተስፋይቱ ምድር ለመድረስ ተነሥቶ ያልተሳካው ጉዞ፣ በመጨረሻም ከ1888 እስከ 1892 የዘለቀው፣ «ክፉ ቀን» የተባለው ረሃብ ማኅበረሰቡን እጅግ ጎዱት። በ1867 ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ሊቅ ጆሴፍ ሃሌቪ በ1902 ትእዛዘ ሰንበትን አሳተመ፤ የጸሎቱን ዜማ ግን ከአፍ ወደ አፍ እያሳለፉ የጠበቁት ቄሶች ናቸው። ዛሬም የማኅበረሰቡ ብዙ ክፍል በሚኖርበት በእስራኤል፣ ከ2008 ጀምሮ በሕግ በታወቀው የስግድ በዓል ቄሶቹ በግእዝ ይጸልያሉ፤ የአባ ጸብራ ደቀ መዛሙርት የተማሩበት ቋንቋም ገዳማቱ ካለፉ በኋላ በሕያው ጸሎት ይሰማል።