የዴኔ አዳኞች ካርታ

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1974 የካናዳ መንግሥት ዳኛ ቶማስ በርገርን አንድ ከባድ ጉዳይ እንዲያጣሩ ሾማቸው። ከአርክቲክ ዳርቻ ጋዝ ወደ ደቡብ የሚያወርድ ቧንቧ በሰሜን ምዕራብ ካናዳ በሚገኘው በማኬንዚ ሸለቆ ቢዘረጋ፣ በምድሩና በነዋሪው ላይ ምን ያስከትላል?

ይህን ለመመለስ ነዋሪው ምድሩን እንዴት እንደሚጠቀምበት የሚያሳይ ካርታ ያስፈልግ ነበር። ካናዳ በካርታ ሥራ ቀዳሚ አገር ነበረች። ሮጀር ቶምሊንሰን በ1960ዎቹ በኮምፒውተር የሚሠራውን የመጀመሪያ የመልክዓ ምድር መረጃ ሥርዓት፣ ዛሬ ጂአይኤስ የምንለውን፣ ያቋቋሙት እዚያው ነው። መንግሥት ሥርዓቱን የፈለገው ግን የደቡቡን የእርሻና የደን መሬት ለመመደብ ነበር፤ ሰሜኑ አልተካተተም።

ያን ክፍተት የሞሉት የሸለቆው ነባር ሕዝብ የሆኑት ዴኔዎች ራሳቸው ናቸው። በፊቢ ናሃኒ መሪነት የማኅበራቸው ሠራተኞች መንደር ለመንደር እየዞሩ በአዳኞችና በወጥመድ አጥማጆች ፊት ካርታ ዘረጉ። እያንዳንዱ አዳኝ በዕድሜው የተመላለሰባቸውን መንገዶች በመስመር አሳየ። የአንዱ መስመር በሌላው ላይ ሲደረብ፣ ሰው አልባ ይመስል የነበረው ምድር በመንገድ ተሞላ። የዚህን ታሪክ ክብደት የማየው እዚህ ላይ ነው፤ ማስረጃውን ያቀረበው ምድሩን የረገጠው ሰው ነበርና።

በርገርም የሚሰሙ ዳኛ ነበሩ። በየሎውናይፍ ከተማ የባለሙያዎችን ክርክር ከማድመጣቸው ሌላ፣ በ35 መንደሮችና ከተሞች ተገኝተው ወደ 1,000 የሚጠጉ ሰዎችን በየቋንቋቸው ሰሙ። ሬዲዮም ምስክርነቱን በአገሬው ቋንቋዎች ያሰራጭ ነበር።

ሪፖርታቸው በ1977 ወጣ። ካሪቡ የተባለው የአጋዘን መንጋ በሚወልድበት በሰሜን ዩኮን ዳርቻ ቧንቧ ፈጽሞ እንዳይዘረጋ፣ በማኬንዚ ሸለቆም የነዋሪዎቹ የመሬት ጥያቄ እስኪፈታ ለ10 ዓመት እንዲቆይ መከሩ። ለዚህ ምክር ያበቃው ካርታው ብቻ ነው ማለት መዝገቡን ማጋነን ይሆናል፤ የሥነ ሕይወት ጥናቱም የመንደሮቹም ቃል ክብደት ነበራቸው። ያለ ካርታው ግን የነዋሪው ቃል የት ላይ እንደሚያርፍ ማሳየት ባልተቻለ ነበር።

በ1980ዎቹ የአዳኞቹ መስመሮች በአልበርታ ዩኒቨርሲቲ ወደ ኮምፒውተር ገቡ። በሰሜን ዩኮንም በ1984 ብሔራዊ ፓርክ ተቋቋመ። ኋላ በዚያው ሸለቆ ሌላ የጋዝ ቧንቧ ሲታቀድ የአገሬው ተወላጆች እስከ አንድ ሦስተኛ ድርሻ የመያዝ መብት ይዘው ነው የገቡት። ገበያው አልፈቀደለትምና ዕቅዱ በ2017 ተሰረዘ።